ሲጎትቱት የሚጠብቅ

ዛሬ የምናነሣው ነገር በጉባኤ መካከል አይነሣም። በጸሎት ርእስ ወረቀት ላይ እንኳ «ለጤናዬ ጸልዩልኝ» ተብሎ ይታለፋል። ሽንት ሲወጣ ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ከእምብርት በታች ይከብዳል። እኛ በአርብ ገበያና በዙሪያዋ ያለን እህቶች ምን እንደሆነ ስንጠየቅ «ብርድ ነው» እንላለን። ብርድ ግን አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ እያለ ብዙም አይጎዳንም። ችግሩ ወደ ሽንት መውጫ ሲሻገር ነው። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የወንዱ 20 ያህል ይሆናል። ለዚህ ነው ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚታመሙት። የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ ባል ሚስቱን የሚጠረጥርበት ምክንያትም አይሆንም። ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው ቤት የታመሰባቸው እህቶች ስላሉን ነው።

ታዲያ ሽንት በየሰዓቱ እየወረደ ሲያጥበው ባክቴሪያው ለምን አብሮ አይወርድም? በአካሉ ዙሪያ ከጸጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች አሉት። በእያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ ፊም-ኤች የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሽንት ፊኛችን ግድግዳ ላይ ያለውን ማኖስ የተባለ ስኳር የሚይዘው እርሱ ነው። አያያዙ የሚያስገርም ነው። ፈሳሹ ጸጥ ሲል ላላ ብሎ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይንከባለላል። ፈሳሹ ሲጎትተው ግን ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጥና ጭብጥ ያደርጋል። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተዋል። አህያ የጫነ ሰው ሸምቀቆን ያውቃል፤ በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። ክሩም እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ስለሆነ ድንገተኛው ጉተታ ሲመጣ ይረዝማል እንጂ አይበጠስም።

አንድ አገልጋይ እዚህ ላይ «እኛም በመከራ ጊዜ እንዲህ ጌታን እንያዝ» ብሎ ስብከት ሊያወጣ ይችላል። መልካም ስብከት ይወጣው ይሆናል። እኛን አሁን የሚያስጨንቀን ግን የእህታችን ኩላሊት ነው።

ጌታ ሲፈጥረን ያለ መከላከያ አልተወንም። ኩላሊታችን ያንኑ ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን እየሠራ ወደ ሽንት ይለቃል፤ ታምና ሆርስፎል የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የገለጹት ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን ያገኘ መስሎት ይህን ይይዝና ከሽንት ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ይህን ስናውቅ እልል ብለናል። ግን ሽንት ካልወጣ ማጥመጃውም አይሠራም።

የአርብ ገበያ ሴት ደግሞ ገበያ ቀን ሽንቷን ትይዛለች። ከበሽሎ ቆላ ሽቅብ በሌሊት ተነሥታ፣ ሰዓታት ተጉዛ ትደርሳለች። ወንዱ አጥር ሥር ይቆማል፤ እርሷ የት ትሂድ? ስለዚህ ውኃ አትጠጣም፤ እስኪመሽ ትይዛለች። ባክቴሪያውም ሳይነካ ሲራባ ይውላል። ከዚያም ወደ ፊኛው ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፤ ከገባውም አንዳንዱ ተኝቶ ቆይቶ ሌላ ቀን ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ ከጎረቤት የተረፈ ሁለት እንክብል ውጦ ማቃጠሉ ሲተው ማቆም ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ቀሪው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ነፍሰ ጡር እህቶችማ የበለጠ ይጠንቀቁ። እርግዝና ከኩላሊት የሚወርዱትን ቱቦዎች ስለሚያላላ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ለመውጣት መንገድ ያገኛል፤ ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣም ይችላል። አንዳንዴ ምንም ሳያም በውስጥ ይኖራል፤ በእርግዝና ክትትል ሽንት የሚመረመረው ለዚህ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመምና ማስታወክ ከመጡ የሚቀጥለው ገበያ ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሌላም መጣበቂያ አለ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፌስቱላ ሆስፒታል በባሕር ዳርም ማዕከል አለው። በምጥ ብዛት ተጎድተው እዚያ የሚታከሙ እህቶች ከቀዶ ጥገና በኋላ ለቀናት የሽንት ላስቲክ ይደረግላቸዋል። ላስቲኩ ላይ ባክቴሪያዎች ተሰባስበው፣ ጀሪካን ውስጥ እንደሚይዘው የሚያሙለጨልጭ ነገር፣ ሽፋን ይሠራሉ። ጀሪካኑን በውኃ ብቻ ቢያለቀልቁት እንደማይለቅ ታውቃላችሁ። መድኃኒትም ይህን ሽፋን አልፎ ለመግደል ይቸገራል። ባለሙያ «ጊዜው ደርሷል፣ ይውጣ» ሲል እሺ ማለት ነው፤ እስከዚያው ደግሞ እጅን ሳይታጠቡ አለመንካት።

አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ በመድረክ ላይ ያለ እፍረት እንሰብካለን። ጌታ በሕዝብ መካከል እንድትናገር አደረጋት፤ ልጅ ብሎም ጠራት። የራሳችን እህት ግን ሽንቴ ያቃጥለኛል ለማለት ዓመት ይፈጅባታል።

በእህቶች ጸሎት አንድ ነገር ጀምረናል። ሕመሟን በስሙ የጠራች እህት ከተጸለየላት በኋላ ብቻዋን አትሄድም። ሁለታችን ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፤ ሽንቷን በብልቃጥ ይዛ እስክትወጣም በር ላይ ቆመን እንጠብቃታለን።