ከግንዱ የራቀ ቅርንጫፍ

አንባቢ ሆይ፤ «ነፋስ ስልክ» የሚለው የሰፈራችን ስም ምን ማለት እንደ ሆነ አስበው ያውቃሉን? በቀድሞው ዘመን ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር መልእክት የሚያደርሰውን መሣሪያ ሰው ሁሉ የነፋስ ስልክ ይለው ነበር፤ አጠራሩ ከሰው አፍ ሲጠፋ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። እኔም በዚሁ ሰፈር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህር ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ስለ ቅርንጫፍ ነው፤ ይኸውም የዛፍም የባንክም ሳይሆን የፕሮግራም ቅርንጫፍ ነው።

በዓለም ላይ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ የፈለገ ሰው ወስዶ ሊያነባቸው፣ ሊያርማቸው፣ ለራሱም እንዲስማሙ አድርጎ ሊለውጣቸው ይችላል። አንዱ ወስዶ በራሱ መንገድ ሲሄድ ባለሙያዎቹ «ፎርክ» ይሉታል። መውሰዱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንዱ በየወሩ ያድጋል፣ ይታረማል፤ እርስዎ ደግሞ የለወጡትን ተሸክመው ከኋላው መከተል አለብዎ። ካልተከተሉ ጕድለት ተገኝቶ ሲጠገን ጥገናው አይደርስዎትም። ከተከተሉም የራስዎ ለውጥ በየጊዜው ይፈተናል።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ልጆች ይህን በእጃቸው ይዘው አይተውታል። ውጤት የሚደምርና ሮስተር የሚያወጣ አንድ ክፍት ፕሮግራም ከውጭ አግኝተው ለእኛ እንዲሆን አመቻቹት። ፕሮግራሙ የተጻፈው የቤተ ሰብ ስም ባለበት አገር ነውና አልማዝ ተሾመ የተባለችውን ልጅ «ተ» ላይ ያሰልፋታል፤ እኛ ዘንድ ግን ልጅቱ አልማዝ ናት፣ ተሾመ አባቷ ነው። ጳጉሜንንም ጨርሶ አያውቃትም። ልጆቹ ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እንግዲህ ከባለቤቶቹ ጋር ምን አገናኘን? ቅጂያችንን ይዘን እንቀመጥ እንጂ» አለኝ። በብዙ መሥሪያ ቤትም የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ምክንያቱን ለመናገር ከእኛ ሮስተር የሚበልጥ ታሪክ ላምጣ።

ሩቅ ያለ ኮምፒዩተርን በምስጢር መስመር ለማዘዝ የሚያገለግል ኦፕንኤስኤስኤች የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የዘመናችን ነፋስ ስልክ ቢሉት አይበዛበትም። የወጣው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚጽፉት ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሥራውን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው ወገን ለገዛ ሥርዓታቸው ብቻ፣ አጭርና ንጹሕ አድርጎ ይጽፋል። ሁለተኛው ወገን ያንን ንጹሕ ጽሑፍ ተቀብሎ በሊኑክስ፣ በማክና በሌሎችም ላይ እንዲሠራ ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛው ተጓዥ ቅርንጫፍ በመሆኑ ከቍጥሩ በኋላ «ፒ» የምትል ፊደል ትጨመርበታለች፤ 9.8ፒ1 እንደ ማለት ነው። እኔና እርስዎ የምንገለገለው በዚሁ በተጓዡ ነው። ተጓዡም ሌላው ሥርዓት የሚጐድለውን ነገር በአንድ የተለየ ክፍል አከማችቶ እንደ ስንቅ ይዞት ይሄዳል። ከግንዱ የመጣውን እያንዳንዱን ለውጥም ከላይ የመጣ መሆኑን ምልክት አድርገው ይመዘግቡታል። በበኩሌ ይህን የመሰለ ጥንቁቅ አሠራር ብዙ አላየሁም።

እንዲህ ተጠንቅቀውም የሆነውን ይስሙ። አንድ ሰው ወደ ሰርቨር ለመግባት ጀምሮ በ120 ሴኮንድ ውስጥ ማንነቱን ካላረጋገጠ፣ ፕሮግራሙ ደወል ይደወልለትና የያዘውን ሥራ በመካከሉ አቋርጦ ያሰናብተዋል። በዚያች ቅጽበት «ይህን ሰው አሰናበትሁ» ብሎ በመዝገብ ልጻፍ ቢል አደጋ አለው፤ መዝገብ ሲጽፍ የሚነካው ሜሞሪ ገና በግማሽ ሥራ ላይ ሳለ የተተወ ሊሆን ይችላልና። ይህ አደጋ በ1999 ዓ.ም. ታውቆ ተጠግኖ ነበር። ጥገናውም «በደወል ጊዜ መጻፍ አደጋ በሌለበት ሥርዓት ላይ ብቻ ጻፍ» የምትል የጥበቃ መስመር ነበረች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የመዝገቡ ኮድ እንደ አዲስ ሲስተካከል ያች መስመር ሳይታወቅ ወጣች። በኦፕንቢኤስዲ ላይ ምንም አልሆነም፤ የእርሱ የመዝገብ አጻጻፍ በደወል ጊዜም ቢሆን አይጎዳም። በሊኑክስ ላይ ግን ጕድለቱ ከ8.5ፒ1 እስከ 9.7ፒ1 ድረስ አብሮ ተጓዘ። ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አግኝቶት ነገሩ የተገለጸው፣ ጥገናውን የያዘው 9.8ፒ1ም የወጣው ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አግኚዎቹ ባለ 32 ቢት በሆነ ሊኑክስ ላይ ሲሞክሩት 10,000 ያህል ሙከራ ፈጀባቸው፤ በአማካይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥም የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ያዙ። በቤቱ የማይጎዳ ነገር በመንገድ ላይ እንዲህ ሊጎዳ ይችላል።

ያ ሰኞ በትምህርት ቤታችን ፈተና ታርሞ ማርክ የሚገባበት ሰሞን ነበር። የክፍሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ኡቡንቱ 20.04 ላይ ነበሩና የያዙት 8.2ፒ1 ስለ ሆነ አደጋው አልነካቸውም፤ እርጅናም አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል። የሺህ ልጆች ማርክ የተቀመጠበት ሰርቨር ግን ኡቡንቱ 22.04 ሆኖ 8.9ፒ1ን የያዘ ነበር። ጥገናውን ጭኜ ስጨርስ ባልደረባዬ ቍጥሩን አይቶ «አሁንም 8.9 ይላል፤ ታዲያ ምኑ ታደሰ?» ሲል ጠየቀኝ። የኡቡንቱ ሰዎች ሙሉውን 9.8 አላመጡም፤ የጥገናዋን ቍራጭ ብቻ ወስደው በቆየው ቅርንጫፋቸው ላይ ተከሏት። ሰው በሥራ ላይ ሳለ ፕሮግራሙን በሞላ መለወጥ ሌላ ጣጣ ያመጣልና ልማዳቸው ይኸው ነው። እንግዲህ ተጓዡ ከግንዱ፣ የኡቡንቱው ከተጓዡ ተቀጥሏል፤ የእኛ ሰርቨር የተረፈው በመካከላቸው ያለው መንገድ ስላልተዘጋ ነው። «ይዞ መቀመጥ» ያልነው ቅጂ ቢሆን ኖሮ በየት በኩል ይደርሰው ነበር? ባልደረባዬም ከዚያ ወዲህ ያን አሳቡን አላነሣም።

የክበቡ ልጆች አሁን ሦስት ቅርንጫፍ ይይዛሉ። መሣሪያቸው ጊት ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. ለሊኑክስ ሥራ ብሎ ያበጀው ነው። በአንደኛው ቅርንጫፍ ከውጭ የሚመጣው እንዳለ ይቀመጣል፤ ማንም እጁን አያስገባበትም። በሁለተኛው ላይ የእኛ ልዩነት ይጨመራል። ሦስተኛው ሬጅስትራሩ የሚሠራበት የዓመቱ ቅርንጫፍ ነው፤ መስከረም ላይ ይለያል፣ እስከ ሰኔም ከጥገና በቀር አዲስ ነገር አይገባበትም። ከእያንዳንዱ ለውጣችን በላይ ለምን እንደ ተለወጠ በአማርኛ ይጻፋል፤ ለውጡ መሥራቱን የምትመሰክር ትንሽ ፈተናም አብራ ትቀመጣለች።

ይህች ፈተና ለልጆቹ መጀመሪያ ትርፍ ሥራ መስላቸው ነበር። ጊት ሁለት ሰው አንድ መስመር ሲነካ ይጮኻል፤ ነገር ግን ሁሉን አያይም። ባለፈው ጥር ባለቤቶቹ የስም አሰላለፉን ሥራ ወደ አዲስ ፋይል አዛወሩት። የእኛ መስመር በአሮጌው ፋይል ውስጥ ደኅና ተቀምጣለች፤ የሚጠራት ግን የለም። ማዋሐዱም ያለ አንዳች ጩኸት አለቀ። ሥራውን የያዘችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአምስት ስሞች ፈተናዋን ስታስኬድ አልማዝ እንደ ገና «ተ» ላይ ተሰልፋ ተገኘች። ሮስተሩ ገና አልታተመም ነበር።

መቸም ልዩነትን ተሸክሞ ከመኖር ለግንዱ መስጠት ይሻላል። ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበትን፣ ከኖርዌይ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ዲኤችአይኤስ2 የተባለ ክፍት ፕሮግራም ያዩ እንደ ሆነ፣ ከሚመረጡት የዘመን አቈጣጠሮች አንዱ የኢትዮጵያ ነው፤ እግንዱ ውስጥ ገብቷል። እኛም የጳጉሜንን ነገር ለሮስተሩ ባለቤቶች ላክንላቸው፤ ወዲያው ተቀበሉት። የስሙን ነገር ግን ሊረዱት አልቻሉም። «ተሾመ የአባቷ ስም ከሆነ ታዲያ የልጅቱ የቤተ ሰብ ስም ማን ነው?» ብለው ጻፉልን። መልሱን ለዚያችው ተማሪ ሰጥቻታለሁ፤ በዚህ ሳምንት ሦስት ገጽ ጽፋ አሁንም አልጨረሰችም።