ጫማ ለእግር ነው፤ እግር ለጫማ አይደለም



እኛ ከጎንደር ገጠር መጥተን በነታንያ የምንኖር ቤተሰቦች የእግር መንገድ አዲሳችን አይደለም። ከዘመቻ ሙሴ በፊትና በእ.ኤ.አ. 1984 ብዙ ወገኖቻችን ሱዳን የገቡት በእግራቸው ነው፤ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የቀሩት ወደ 4,000 ይገመታሉ። በእ.ኤ.አ. 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ፣ ከአውሮፕላን በባዶ እግሩ የወረደው ጥቂት አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ የቻለ እግር እዚህ አስፋልት ላይ ለምን ይታመማል?

አንደኛው ምክንያት ጫማ ነው። በባዶ እግር ያደገ እግር በጣቶቹ በኩል ሰፊ ነው። አምሮ የሚሸጠው ጫማ ግን ብዙ ጊዜ ፊቱ ጠባብ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው መሬቱን እየዳሰሰ አጠር አጠር አድርጎ ይራመዳል፤ ጫማ ሲያደርግ እርምጃው ይረዝማል፣ መሬቱንም እንደ ድሮው አያውቀውም። ሽማግሌዎቻችን በአዲስ ጫማ ደረጃ ላይ ቢደናቀፉ አይግረመን።

አበበ ቢቂላ በእ.ኤ.አ. 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን በጫማ ሮጦ፣ ሰዓቱንም አሻሽሎ አሸነፈ። እንግዲህ ነገሩ ጫማን መጥላት ሳይሆን የሚስማማውን መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሸክም ነው። እናቶቻችን እንስራውን በጀርባቸው፣ ልጁን በአንቀልባ ያዝሉ ነበር። እንዲህ የታዘለ ሸክም ለወገብ ቀርቦ በሁለቱም ጎን እኩል ያርፋል። ከሹክ ስንመለስ ግን ድንቹንና ሽንኩርቱን በፌስታል በአንድ እጅ አንጠልጥለን ሦስተኛ ፎቅ እንወጣለን። ያን ጊዜ ሰውነት ወደ ሌላው ጎን ይጣመማል፤ ትከሻና ወገብ ይታመማል።

ልጆቻችን አያታቸው ሸክም አዝለው ሲሄዱ ሲያዩ ያፍራሉ፤ «ሰው ያየናል» ይላሉ። እነሱስ ያልኩታቸውን የሚይዙት በምንድን ነው? በሁለት ማንገቻ በጀርባ ማዘል የአያቶቻቸው ዘዴ ነው። እኛ ነግረናቸዋል፤ እናንተም ንገሯቸው። እናት በሐፍረት ወይም በእግር ሕመም ከቤት ከቀረች ጉዳቱ ብዙ ነው። ኑሯችንና ምግባችን ከተለወጠ፣ መራመዳችንም ከቀነሰ ወዲህ የስኳር በሽታ በመካከላችን በዝቷል።

ስለዚህ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ሲውል ያብጣልና። ቆማችሁ ለኩት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። ለሹክ ባለ ጎማ ዓገላ ወይም የጀርባ ቦርሳ ያዙ፤ ፌስታል ከሆነም ለሁለት እጅ እኩል ክፈሉት። ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግሩን አይሂድ፤ እግሩ ደንዝዞ ቁስሉ ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፤ ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ኩፓት ሆሊም ይሂድ። ዓይናቸው ለደከመ አያት ደግሞ እግራቸውን የሚያይላቸው የልጅ ልጅ ይሁን።