ወጣቶች የሸክላ ዘፈን ስለ መውደዳቸው

በዛሬው ዘመን የዓለም ዘፈን ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ሲገኝ፥ ወጣቶች ወደ ቀድሞው ሸክላ መመለሳቸው ብዙ ወላጆችን ያስደንቃል። ነገሩም የጥቂቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ፥ የተሸጠው ሲዲ ግን 33 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከ1987 ወዲህ ሸክላ በቁጥር ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ምክንያቱ ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት የድምፁ ጥራት ብቻ አይደለም። ሁሉ የሞላለት ሰው ጥቂቱን ማክበር ይናፍቃል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሽ ሸክላ በየፊቱ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ነው፤ ሲያልቅም ተነሥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰሚው ሥራውን ትቶ ይቀመጣል፤ ቤተ ሰቡም አብሮት ይሰማል።

ይህንንም በቤታችን አይተነዋል። ልጆቻችን ዘፈንን ለየብቻቸው በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙ ነበር። ነፍስ ኄር አባታችን በ1960ዎቹ ዓ.ም. የገዟቸውን ሸክላዎች ከሣጥን ካወጡ ወዲህ ግን፥ «ይህን ማን ዘፈነው? አያታችንስ ስለ ምን ወደዱት?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛም አማሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የአገራችንን ዘፈን በሸክላ ማሳተም እንደ ጀመሩ ስንነግራቸው፥ ስለ አባታችን ወጣትነት ከዚያ በፊት ያልተነገረው ነገር አብሮ ይወጣል።

ነገር ግን ሸክላ ይጫራል፤ የካሴት ክርም ይሻግታል፤ የሚያስታውሱትም ሰዎች ያልፋሉ። ስለዚህ በየቤቱ የተረሳውን ከሙቀትና ከአቧራ ጠብቀን፥ ከነታሪኩ ለልጆቻችን እንስጥ። የሚጠይቅ ልጅ ሳለ የሚመልስ አዋቂ ከታጣ፥ ሸክላው ቢተርፍም ታሪኩ ይጠፋልና።