በጎማው ላይ የተጻፈው ፊደል

ልጆች ሆይ፥ የቆመ መኪና ባገኛችሁ ጊዜ ወደ ጎማው ቀርባችሁ ጎኑን ተመልከቱ። ጥቁሩ ጎማ ባዶ ሰሌዳ አይደለም፤ ዙሪያውን ፊደልና ቍጥር አለበት። ጽሕፈቱ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ከራሱ ከጎማው ጋራ በአንድነት የተቀረጸ ስለ ሆነ፥ ለዓይን ቢያስቸግር እንኳ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። እኔ መኪና መንዳት ከጀመርሁ ዐሥራ አንድ ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ ይህን ጽሕፈት አንድ ቀን እንኳ አላነበብሁትም ነበር። መጽሐፍ ግን ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንጀራዬም ልጆችን ማንበብ ማስተማር ነበር።

በዚያን ጊዜ የምኖረው በገጠር ነው። መንገዴም በበጋ ድንጋይና አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ነበር። የመኪናዬ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ስለ ለሰለሱ፥ ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ሌሎች ልገዛ ወደ መርካቶ ሄድሁ። ነጋዴው ሁለት ዓይነት ጎማ አሳየኝ። አንደኛው መልኩ እንደ ማናቸውም ጎማ ሆኖ ዋጋው ውድ ነበር። ሁለተኛው ግን ጥርሱ የጠለቀ፥ ላስቲኩም የወፈረ፥ ሲያዩት የሚያስፈራ ነበር፤ ዋጋውም የፊተኛው ግማሽ ነው። «ጋሼ፥ ይህ እኮ ተራራ ይወጣል፤ ጭቃ አይዘውም» አለኝ። ነጋዴው አልዋሸኝም፤ ጎማው በእውነት ጭቃ አልያዘውም። እኔም ስለ ጭቃ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም።

ሁለቱን ጎማዎች አስገጥሜ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ድንጋዩ እንዳያንገጫግጨኝ ብዬ ከጎማዎቹ ጥቂት ነፋስ አስወጣሁ፤ መኪናውም ለሰለሰልኝ። እንዲህ ሆኜ ብዙ ወራት ኖርሁ፤ ስለ ግዢዬም ራሴን ሳላመሰግን የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ እኅቴ በአዳማ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቴ አራሷን ልትጠይቅ ስለ ቸኰለች፥ እርስዋንና ሁለት አክስቶቼን ከአንዲት ትንሽ የአክስቴ ልጅ ጋራ አሳፍሬ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ከኋላም የገንፎ ዱቄት በጆንያ፥ ሌላም ብዙ ጓዝ ተጫነ። የቅቤውን ማሰሮ ግን እናቴ ለማንም አላምንም ብላ በጭኗ ላይ ያዘችው።

ወደ አዳማ የሚያደርሰው የክፍያ መንገድ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከድንጋይ መንገድ ለወጣ ሰው እንዲህ ያለ ለጥ ያለ መንገድ እንዴት እንደሚያስደስት የነዳ ያውቀዋል። እኔም ከተፈቀደው ሳላልፍ፥ ነገር ግን ከተፈቀደው ሳላጐድል እነዳ ጀመር።

ቢሾፍቱን ካለፍን በኋላ መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥቂት ቈይቶ እናቴ «ልጄ፥ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። «የውጭ ሽታ ነው» ብዬ መለስሁላት። ይህን ቃል ዛሬም ባስታወስሁት ጊዜ አፍራለሁ፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበርና። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ጠመንጃ የሚጮኽ ድምፅ ተሰማ፤ የመኪናውም ጀርባ ወደ ግራ ተንሸራተተ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ፥ ፍሬኑን ሳልረግጥ ፍጥነቱ በራሱ እስኪበርድ ድረስ ጠበቅሁ። ከኋላችን ይመጣ የነበረ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ክንድ በሚያህል ርቀት አጠገባችን አለፈ። ከመንገዱ ዳር ስንቆም ማንም አልተጐዳም ነበር፤ የቅቤው ማሰሮ ብቻ ተሰብሮ የእናቴ ቀሚስ ሁሉ ቅቤ ሆነ። ትንሿ ልጅ ማልቀስ እንኳ ረስታ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኝ ነበር።

ወርጄ ባይ የግራው የኋላ ጎማ ተቀዳዶ ጨርቅ መስሏል። ያልፈነዳውን የቀኙን ጎማ ብነካው እጄን ላሳርፍበት አልቻልሁም፤ ከምድጃ እንደ ወረደ ምጣድ ይፋጃል። ትርፉን ጎማ አስገብቼ፥ የቀኙም እስኪበርድ ከጠበቅሁ በኋላ፥ እንደ ቀብር ሰው በዝግታ እየነዳሁ አዳማ ገባሁ።

በአዳማ አንድ አረጋዊ ጎሚስታ አገኘሁ። የፈነዳውን ጎማ ገልበጥ አድርገው ጎኑን በጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፥ ይህን አንብበኸዋልን?» አሉኝ። በመጠኑ ቍጥር መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ፊደል ነበረ፤ «ኤል» ይላል።

«አባባ፥ ምን ማለት ነው?» አልሁ።

ጎማ ሁሉ የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው፤ ልኩንም ሠሪው በአንድ ፊደል ይጽፍበታል። ኤል በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር፥ ኪው 160፥ ኤስ 180፥ ቲ 190፥ ኤች 210፥ ቪ 240 ነው። ኤች የተባለው ፊደል ከተራው ወጥቶ ከዩ በኋላ ከቪ በፊት መቀመጡን ልብ በሉ፤ የእንግሊዝን ፊደል በተራው የሚያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፊደሉም በግምት አይሰጥም። በፋብሪካ ጎማውን በሚሽከረከር ትልቅ የብረት በርሜል ላይ አስደግፈው፥ ጭነት ጭነውበት፥ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ይፈትኑታል።

እኔ ግን ተከራከርሁ። «ከ120 አልፌ አልነዳሁም» አልኋቸው።

አረጋዊው ሳቁ። «ይህ ፊደል የተሰጠው ነፋሱ ለተሟላ፥ ጭነቱም ላልበዛበት፥ አካሉም ላልቈሰለ ጎማ ነው። የአንተ ጎማ ነፋሱ ጐድሏል፤ ጓዝህም ከባድ ነው። በዚህ ላይ ላስቲኩ ወፍራም ነው። ጋቢ ደርቦ የሚሮጥ ሰው አይተህ አታውቅምን?» አሉኝ።

የነገሩ ምሥጢር ሙቀት ነው። አንድ ሽቦ ወስዳችሁ በአንድ ቦታ ደጋግማችሁ ብታጥፉትና ብታቀኑት፥ መታጠፊያው ይሞቃል፤ በኋላም ይሰበራል። ጎማም እንዲሁ ነው። መሬት የሚነካው ክፍል በጭነቱ ይጨፈለቃል፤ ከመሬት ሲነሣ ደግሞ ይቃናል። የእኔ መኪና ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስነዳ በአንድ ሰከንድ ከ4 ጊዜ ጥቂት አልፎ ይዞራል፤ በ120 ግን ከ13 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዞረ ቍጥር ይታጠፋል፥ ይቃናል። ነፋሱ ሲጐድል ደግሞ መታጠፉ ይብሳል፤ ወፍራሙም ላስቲክ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። በገጠሩ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ያልታየው በዝግታ ስለምሄድ ነበር።

አረጋዊው ወደ መኪናው ሄደው የሾፌሩን በር ከፈቱና በመቃኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። በዚያ የጎማው መጠንና የሚሞላው ነፋስ ተጽፏል፤ ነፋሱም የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከመኪናው ጋራ የመጣውን መጽሐፍ ደግሞ ከመሳቢያው አውጥቼ ገለጥሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ገልጬው አላውቅም። «265/70 አር 16 112 ኤስ» ይላል። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ መቶ እጅ ሰባ እጅ መሆኑን ያሳያል፤ አር የክሩን አሠራር፥ 16 የቸርኬውን ስፋት በኢንች ይናገራል። 112 አንድ ጎማ 1120 ኪሎ መሸከም እንደሚችል የሚያመለክት ቍጥር ነው። ኤስ እንግዲህ 180 ነው። እኔ ግን ኤስ ለሚያስፈልገው መኪና ኤል ገዝቼለታለሁ።

«ፊት ኤስ፥ ኋላ ኤል ከሆነ መኪናው በሙሉ ኤል ነው» አሉኝ። የነጋዴ ጓዝ በደካማው በቅሎ እርምጃ እንደሚጓዝ ማለት ነው። ከተጻፈው የሚበልጥ ፊደል ቢገዙ አይጐዳም፤ የሚያንስ ግን አይገባም። ስለ መብለጡም ቢሆን የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ በገበያ መካከል በዝግታ ለሚነዳ ሰው ቪ የተባለውን ጎማ መግዛት ለእርሻ በሬ የወርቅ ቃጭል እንደ ማንጠልጠል ነው።

ሁለት የኤስ ጎማዎች ገዛሁ። አረጋዊው ከመግጠማቸው በፊት በጎናቸው ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቍጥር ፈልገው አነበቡ። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይናገራሉ፤ በመደብር ብዙ ዓመት የሰነበተ ጎማ ባይነዳም ያረጃልና። ያን ቀን የከፈልሁት ገንዘብ በመርካቶ ቆጠብሁት ካልሁት እጅግ በለጠ። የፈነዳውን ጎማ በረባሶ የሚሠራ ሰው ወሰደው፤ የቀኙንም አብሬ ሰጠሁት።

ወደ እኅቴ ቤት የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። እናቴ ቅቤ በነካው ቀሚሷ ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋ «ያን ፊደል አንተ አላነበብኸውም ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላነበብሁም» አልኋት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ያ ሕፃን ዛሬ ፊደል ቈጥሮ ከሁለተኛ ክፍል ደርሷል። አብረን ለመንገድ ስንነሣ እኔ ነፋሱን ስለካ፥ እርሱ በርከክ ብሎ ጣቱን በጎማው ጎን ላይ እያስኬደ ያነባል። «ኤስ ነው፥ አጎቴ» ይለኛል፤ ጣቱም ጠቍሯል። «አራቱንም አይተሃልን?» ብዬ ስጠይቀው፥ ሦስቱን ብቻ አይቶ እንደ ሆነ ምንም ሳይመልስልኝ ወደ አራተኛው ይሄዳል።