ለወፍ መሶብ

ውጫሌ ላይ ወፍ ትባረራለች እንጂ አትጋበዝም። ወፍ ስለምንጠላ አይደለም። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ የሚወርደው መንገድ እኛን እንዳለፈ ማሽላ አገር ይገባል፤ ማሽላ ካለ ማማ አለ፣ ማማ ካለ ወንጭፍ የያዘ ልጅ አለ። በእኔ ዕድሜ ያለ የአካባቢው ሰው የወፍ ትምህርቱን የጨረሰው እዚያው ማማ ላይ ነው። እሸቱ ወተት መያዝ ሲጀምር ጎህ ሳይቀድ መውጣት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጮኽ፣ ጠጠር ማስፈንጠር። ድምፄ የጎረነነው በዚያ ጩኸት ነው እያልኩ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ሲጋራው ነው ይላሉ።

ከሁሉም የከፋው ግሪሳ ነው። በዓለም ላይ በቁጥር የእሱን ያህል የበዛ የዱር ወፍ የለም። አንዷ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች። 10 ግራም ምን አላት የሚል ሰው መንጋው ሲያርፍ አላየም፤ ሚሊዮን ሆነው ሲመጡ በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። ነገሩ ከወንጭፍ አቅም በላይ ሲሆን መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይጠራል። በፈረንጆች 1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጎን ግሪሳንም ይዋጋል። ስለዚህ ወፍ በእኛ ዘንድ ከአንበጣ ጋር አንድ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ነው።

ከተማ ውስጥም ያው ነው። እህል ታጥቦ ደጅ ላይ ሲሰጣ ዘንግ የያዘ ልጅ ይመደብበታል፤ ድንቢጥና ዋኔ ደግሞ ልጁ እስኪያንቀላፋ መጠበቅ ያውቁበታል። አያቶቻችን ለዘመናት የወፍ መመገቢያ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ብቻ እንዳይሠራ የሚከላከል ልጅ ቀጥረውለት ነበር።

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው የወንድሜ ልጅ የመስኮት ወፍ መመገቢያ ከሻንጣው ሲያወጣ ቤቱ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነው፤ ከኋላው ባለው ጎማ መስታወት ላይ ጥብቅ ይላል፤ ከታች እህል የሚፈስበት ገንዳ አለው። ወፏ ስትለቅም ሰው ሳሎን ተቀምጦ በክንድ ርቀት ያያታል። አክስቴ ገልበጥ አድርጋ መረመረችው።

«ለወፍ መሶብ ነው የገዛህልን?»

«አዎ እማማ። እዚያ የሌለው ቤት የለም።»

«ሰዎቹስ በልተዋል?»

ውሮ የተባለችው ድመታችን ግን ምንም አልጠየቀችም። ገንዳው ተለጥፎ የመጀመሪያዋ ድንቢጥ ስታርፍበት መስኮቱ ሥር ቁጢጥ አለች፤ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ያን ድመቶች ወፍ ሲያዩ የሚያሰሙትን እንግዳ ድምፅ ታሰማ ጀመር። ቡቺ ውሻው በውጭ በኩል ከገንዳው በታች ተኝቶ የሚረግፈውን ይጠብቃል። ማሽላ እንደሆነ ካሸተተ በኋላ ቦታውን ለቆ ሄደ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚያ ወዲህ የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ነገሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። የውጫሌ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣን ነገር ሳያገላብጥ አይቀበልም፤ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ጎናችን ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል ለዚህ በቂ ትምህርት ሰጥቶናል።

ዱካው ወደ እንግሊዝ ይወስዳል። በፈረንጆች 1825 ገደማ ጆን ፍሪማን ዶቫስተን የተባለ ባለርስት ለወፍ ብቻ የተሠራ የእህል ገንዳ መስኮቱ አጠገብ አቆመ። የዚያን ጊዜ ሰው እንደ እብድ ሳያየው አልቀረም። ነገሩ የሕዝብ የሆነው ቆይቶ ነው፦ ከ1890 ወደ 1891 የተሻገረው ብርድ እጅግ በርትቶ መሬቱ በበረዶ ሲደነድን ጋዜጦች አንባቢው ለወፎች ፍርፋሪ እንዲያወጣ ለመኑ። በ1910 ደግሞ ፐንች የተባለው የቀልድ መጽሔት ወፍ መመገብን የአገር መዝናኛ ብሎ አወጀው። ቀሪውን ነጋዴ ጨረሰው፤ ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ የወፍ እህል ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው።

የእነሱ ምክንያት በረዶ ነው። እኛ ጋ እንዲህ መሬት የሚያደነድን በረዶ የለም፤ እህል ለቃሚ ወፍ የሚቸገረው ዝናቡ ሲገባ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ሁሉ በቅሎ ሣር ይሆንበታል። ገበሬውም ጎተራው የሚጎድለው በዚያው ወራት ነው። የእንግሊዙ ባለርስት ሲጠግብ ወፏ ተራበች፣ አዘነላት። እዚህ ግን ሁለቱም እኩል አጡ፤ እኩል ባጡ ሰዎች መካከል ግብዣ የሚጠራ ማን ነው?

ድመቷስ? ድመትን ወደ ቤት ያመጣት ሰው ሳይሆን ጎተራ ነው። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ የዱር ድመት መጣች፤ ማንም ሳይጠራት ገብታ ቀረች። ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ያስቆጠረ መቃብር ሲቆፈር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። የአፍሪካ የዱር ድመት የሚባለው ዝርያ ዛሬም በአገራችን ጫካና ቆላ ይኖራል። እንግዲህ ድመትም ወፍም የተሰበሰቡት በአንድ እህል ዙሪያ ነው፦ አንዷ ዘበኛ ተባለች፣ አንዷ ሌባ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ሌባዋን እንግዳ አድርጎ ሾማት። ዘበኛዋ ግን ሹመቱ አልተነገራትም።

ይህን ለቡና ለመጣው ጎረቤታችን ለሽማግሌው ሼህ ሳስረዳ በጥሞና ሰማኝ፤ ሼሁ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ከዚያ የራሱን ጨመረ። ሙስሊም ዘርቶ ወይም ተክሎ ወፍ ቢበላበት ሰደቃ ይጻፍለታል፤ ነቢዩ ያሉት ነው። ድመት ዘግታ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ ለእሳት መዳረጓን እሳቸውም ተናግረዋል። ቀጠለና ጠየቀኝ፦ «ወፏን ጠርተህ አበላህ፣ ደግ። ድመቷን መስታወት ዘግተህባት ታስጎመጃታለህ። ይሄ ከየትኛው ይቆጠርልሃል?» መልስ አልነበረኝም፤ ቡና አስጨመርኩለት።

አክስቴ ግን መልስ ነበራት፤ ወደ ግድግዳው አመለከተችን። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ነው፤ በየቤቱ የሚታየው፦ ገላቸው በፀጉር የተሸፈነ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ፣ ዙሪያቸውን 60 አንበሳና 60 ነብር የከበባቸው። ወፍ ደግሞ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። «አቦ መቶ ሃያ ይዘው ወፍ አጠጥተዋል፤ አንዷም አልተነካች። እናንተ በአንዲት ውሮ ሸንጎ ተቀመጣችሁ» አለች።

ሥዕሉን ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አልቆጠርኩትም። አንበሳም ነብርም የድመት ዘመድ ነው። ስለዚህ እንስሳ ባለበት ቤት ወፍ ስለ መቀለብ የተሳለ ጥንታዊ ሥዕል ከተፈለገ ዝቋላ የሚነግሡት አባት ሥዕል ከዶቫስተን ገንዳ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ከተረፈው ሰጠ፤ በሥዕሉ ላይ ያለው አባት ግን ጎተራም መስኮትም የላቸውም፣ የሚሰጡት የዓይናቸውን ውሃ ነው። ነጋዴ ይህን ማሸግ አይችልም። የወንድሜ ልጅ ሥዕሉን ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ላከው።

የእኛዋ ውሮ ግን ከቅዱስ ጋር አላደገችም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ የሚል ግምት በፈረንጆች 2013 ታትሟል፤ ብዙውን የሚገድሉት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። የመስኮት መመገቢያ የሚስማማው ከሳሎን ለማትወጣ፣ ሥራ ለሌላት ድመት ነው። መስታወቱ ለእሷ ቴሌቪዥን ነው። ውጫሌ ላይ ከቤት የማትወጣ ድመት የለችም፤ ሌሊት ጎተራ፣ ቀን ጣሪያ፣ በመካከል የጎረቤት ማድ ቤት። ስለዚህ መመገቢያውን ከበረንዳውም ከዛፉም አርቀን፣ ዘላ ከማትደርስበት ከፍታ ላይ፣ ከጓዳው መስኮት ለጠፍነው።

መስታወቱም ራሱ ወፍ ይገድላል። ዳንኤል ክሌም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ለአሥርተ ዓመታት አጥንቶታል፦ መመገቢያው ከመስኮቱ ከ1 ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ከሆነ ወፏ ተነስታ ፍጥነት ስለማታገኝ ብትጋጭም አትሞትም፤ አደገኛው ጥቂት ሜትር ራቅ ሲል ነው። በየከተማችን አዲስ ፎቅ ሁሉ አንጸባራቂ መስታወት እየለበሰ ስለሆነ ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ወፍ ለሚቀልብ ሰው ብቻ አይደለም።

ሌላው ቆሻሻ ነው። በእንግሊዝ ከፈረንጆች 2005 ወዲህ ግሪንፊንች የተባለችው አረንጓዴ ወፍ ቁጥሯ ያሽቆለቆለው በየመመገቢያው በሚተላለፍ የጉሮሮ በሽታ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ትልቁ የወፍ ጥበቃ ማኅበር ጠፍጣፋ መመገቢያ መሸጥ አቁሟል። ለወፍ መሶብ ዘርግተው ሲያበቁ መሶቡን አለማጠብ ደግነት አይባልም።

ስለ ድመቷም የተጠና ነገር አለ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፈረንጆች 2021 እንዳሳተሙት ሥጋ የበዛበት ምግብ ያገኘች ድመት አድና ወደ ቤት የምታመጣው እንስሳ በ36 በመቶ ይቀንሳል፤ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷት ደግሞ በ25 በመቶ። ይህን ለአክስቴ በሁዳዴ መካከል ነገርኳት። 55 ቀን ሽሮ በሚበላበት ቤት ድመቷም ሽሮ ትበላለች፤ ከዚያ በኋላ ውሮ ወፍ ብታይ ማን ይፈርድባታል? ሥጋው ለጊዜው አልሆነም። ጨዋታው ግን አያስገድፍም።

እናንተም ከባሕር ማዶ እንዲህ ያለ ገንዳ ቢመጣላችሁ አትጣሉት። መስታወቱ ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉት፣ ማሽላውን በጥቂቱ ጨምሩ፣ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ለድመቷ ደግሞ ገመድ ጎትቱላት፤ ከዚያ በኋላ ነው መስኮቱን የምትዘጉባት።