የእምዬ ሰፌድና ቃሪያ

በቀቀንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው፤ የባሕር ወንበዴ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚለፈልፍ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወፍ አድርጎ። አዲስ አበባ ውስጥ በቀቀን አለ ስል የሚስቅብኝ ሰው ዛሬም አላጣም። አለ እንጂ! ጽዱና ወይራው ባልተመናመነበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማለዳ ገብቶ ቀና ያለ ሰው፣ እየተንጫጩ ከዛፍ ዛፍ የሚወረወሩ፣ አጫጭር፣ ጅራተ ጉማጅ አረንጓዴ ወፎች ያያል። ከምንቃር እስከ ጅራት 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። ሲያርፉ ከቅጠሉ መለየት ያስቸግራል፤ ሲበሩ ግን የክንፋቸው ውስጠኛ ክፍል ጥቁር ሆኖ ይታያል። የእኛና የኤርትራ ደጋ ካልሆነ በቀር በዱር የትም አይገኙም። ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው የእንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ «ታራንታ» የሚለው ስም የተወሰደው ኤርትራ ውስጥ ካለው የተራራ መተላለፊያ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ከአንዷ ጋር የተዋወቅሁት።

ቃሪያ ቤታችን የገባችው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ቃሊቲ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ ነው። (ለምን «ገባችው» እንደምልና ኋላ ለምን እንደምቀይረው እደርስበታለሁ።) የሰፈራችን ሰው ግንብ አጥር ሊያሠራ ከግቢው ጥግ የነበረውን አሮጌ ወይራ ያስቆርጣል። ግንዱ ሲወድቅ፣ ከፍ ብሎ በነበረው ሽንቁር ውስጥ ጫጩቶች ተገኙ፤ በሕይወት የተረፈችው ግን አንዷ ብቻ ነበረች። ከቆራጮቹ አንዱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ የቀን ሠራተኛ፣ በኮፍያው ይዟት መጥቶ በራችንን አንኳኳ። የእኛን በር ለምን እንደመረጠ እንጃ። ምናልባት አያቴ እምዬ ጠዋት ጠዋት የእህል ግርድ ለወፍ ስትበትን አይቷት ይሆናል።

«እማማ፣ ይቺን ያሳድጓት። እኔ ለራሴም ማደሪያ የለኝ» አላት።

እምዬ ጎንበስ ብላ ኮፍያው ውስጥ አየች። «ቃሪያ ታክላለች እኮ!» አለች። ስሟ በዚያው ጸና።

ላባዋ ከሞላ ጎደል ወጥቷል፤ መብረር ግን ገና ነበረች። እምዬ በሶ ለብ ባለ ውኃ አቅጥና በጥብጣ በማንኪያ ጫፍ አጎረሰቻት። ትንሽ ስትጠና የራሰ ማሽላ፣ ቀጥሎ ሱፍና ኑግ ቀመሰች። ኑጋችን በመርከብ ተጭኖ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ሄዶ ወፍ እንደሚቀለብበት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለቃሪያ ግን የምግብ ሁሉ አለቃ ሾላ ነበር። የበሰለ ሾላ ያየች ቀን ፍርሃቷም ጥቂት ይለዝባል፤ ዘመዶቿም በዱር የሚኖሩት በሾላና በጽድ ፍሬ ነው።

አባቴ ከፋብሪካው ባመጣው የሳጥን ጣውላና በዶሮ ሽቦ ቤት ሠራላት። ለቆጥ የሚሆናት ከዚያው ከተቆረጠው ወይራ ቅርንጫፍ ተወሰደ። እምዬ ደግሞ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ በጎኑ አስተኝታ ከላይኛው ጥግ አሰረችው። እነዚህ ወፎች ጫጩት ባይኖራቸውም ሌሊቱን የሚያድሩት የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። እምዬ ይህን ከየት እንዳወቀችው ጠይቄያት «ተጉለት ያደገ ሰው ወፍ የት እንደሚያድር ይጠፋዋል?» ብላ ዘጋችኝ።

እንግዲህ ቃሪያ ማሰሮዋ ውስጥ ገባች፤ ለእኛ የቀረልን አንድ ዓይን ብቻ ነበር። ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ ያቺ ዓይን ከማሰሮው አፍ ላይ ብቅ ትልና ትተክላለች። ቆጥ ላይ ካገኘናት ላባዋን ከገላዋ አጣብቃ ትቀጥናለች፤ ግማሽ ክብደቷን በቅጽበት የጣለች ትመስላለች። እየታየች አትበላም። ውኃዋንም የምትጠጣው በሩ ተዘግቶ ኮቴ ከራቀ በኋላ ነው።

የገረመኝ የሚያስፈራትና የማያስፈራት ነገር ነበር። ቤታችን የደብረ ዘይት መንገድ ዳር ነው። ያን ጊዜ የአሰብ መስመር ገና አልተዘጋም፤ ተሳቢ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ። በአቃቂ በኩል የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል፤ ቀን ደግሞ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ጩኸት አለ። ቃሪያ ለዚህ ሁሉ ደንታ አልነበራትም። የሰው እጅ ግን ከራሷ በላይ ከፍ ካለ፣ ኑግ ለመጨመርም ቢሆን፣ ጩኸቷ ጎረቤት ይጠራል። ምክንያቱን ለማወቅ ከደጅ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃ ነበር። የቃሊቲ ሰማይ ጭልፊት አጥቶ አያውቅም፤ ለትንሽ ወፍ ሞት የሚመጣው ከላይ ነው። ዓይኖቿም ግራና ቀኝ ተራርቀው የተተከሉት ለዚሁ ነው፤ ዙሪያዋን እንድትጠብቅባቸው። ሁለት ዓይኑን ከፊት ለፊት አድርጎ የሚያፈጥባት ፍጥረት ለእሷ አዳኝ ነው። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ፣ አፍንጫዬን ሽቦው ላይ ለጥፌ፣ በሁለት ዓይኔ የማፈጥ ልጅ ነበርኩ። ፍቅር ነው ብዬ!

ቃሪያ መጀመሪያ የቀረበችው ወደ እምዬ ነው። እምዬ ወፏን ለማላመድ አንድም ነገር አላደረገችም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ከወፏ ቤት አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጀርባዋ ግማሽ ወደ ወፏ የዞረ ነው። ቀና አትልም። ከራሷ ጋር ታወራለች፤ የዕድር ክፍያ፣ የበርበሬ ዋጋ፣ ያላገባች የእህቷ ልጅ። የሽቦው በር ክፍት ነው። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ማለትም እርሳሴን ይዤ አያቸዋለሁ።

አንድ ሰሞን ቃሪያ ከማሰሮው ወጥታ ቆጡ ላይ ሆና መስማት ጀመረች። ቀጥሎ በሩ ጫፍ ላይ ወጣች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ምንቃሯን እንደ ሦስተኛ እግር እየተጠቀመች፣ ሽቦውን ነክሳ፣ እግሯን አውርዳ፣ እንደገና ነክሳ፣ ወለሉ ላይ ደረሰች። ወደ በርጩማው የሄደችው በአግድም ነው፤ ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። የእምዬን ቀሚስ ይዛ ወጣችና ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሼን ያዝኩ። እምዬ የእህቷን ልጅ ጉዳይ አላቋረጠችም። እጇም አልፈጠነም፣ አልዘገየምም። ቃሪያ አንድ ምስር አነሳች፣ በምላሷ አገላብጣ አየችው፣ ጣለችው። ሌላ አነሳች። ይሄኔ እምዬ፣ አሁንም ሳታያት፣ «አንቺ ደግሞ ጠጠሩን ልቀሚ እንጂ ምስሩን ለምን ትጥያለሽ?» አለች።

ቀናሁ። ስም ያወጣችላትም እሷ፣ ያጎረሰቻትም እሷ፣ ሳትለፋ ያገኘቻትም እሷ! ከቅናቴ ያተረፍኩት ግን እምዬን መኮረጅ ነው። ጎኔን ሰጥቼ መቀመጥ፣ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ እጅን ከደረት በላይ አለማንሳት፣ ዓይን ለዓይን ከተጋጠምን ቀስ ብሎ መጨፈን። ኅብረተሰብ የሚባለውን ትምህርት በዚያ ዓመት ጥሩ አድርጌ ያወቅሁት ለቃሪያ ስላነበብኩላት ነው። ሱፍ መዳፌ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ እጄን እዘረጋለሁ፤ መጥታ አንገቷን ታስግጋለች፣ አንዱን ላፍ አድርጋ ሮጣ ትበላለች። እንደዚያ ስትመላለስ ሰነበተችና፣ አንድ ከሰዓት ሱፉን ይዛ መሮጡን ትታ እዚያው መዳፌ አጠገብ ቆማ ቀረጠፈችው። ገለባውንም እዚያው መዳፌ ላይ ተፋችው።

ጣት ላይ መውጣት ሌላ ትምህርት ነው። በቀቀን አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት በምንቃሩ ይዞ ይፈትነዋል፤ ይችለኛል ወይስ ይሰበራል ብሎ። ጣትም ያው ነው። ምንቃሩ ጣት ሲነካ ብዙ ሰው ሊነከስ የመሰለው እጁን ይሰበስባል፤ ወፉም ይህ ቅርንጫፍ የማይታመን ነው ብሎ ይመዘግባል። ታላቅ ወንድሜ ከዚህች አልፎ አያውቅም። ኳስ ሜዳ ላይ ማንንም የማይፈራ ልጅ ያቺ ምንቃር ስትቀርበው እጁ ወደ ኪሱ ይሸሻል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ ጣቴን አጸናሁ። ቃሪያ ጣቴን ያዘች፣ ጫን አለች፣ ለቀቀች፣ በደረቅ ምላሷ ነካ አደረገችኝ። ከዚያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው። የበቀቀን እግር ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ነው፤ ሲጨብጥ ዙሪያውን ይይዛል። ከክብደቷ ይልቅ ሙቀቷ ነው የተሰማኝ። የወፍ እግር ቀዝቃዛ የሚመስለኝ የነበረው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የመታመን ምልክቶቹ ተከታትለው መጡ። አንድ እግሯን ሆዷ ውስጥ ሸሽጋ ፊቴ ማንቀላፋት ጀመረች፤ ለመሸሽ ሁለት እግር ያስፈልጋልና የሚፈራ ወፍ ይህን አያደርግም። ማታ ማታ ምንቃሯን እርስ በርሱ እያፋጨች ደቃቅ ድምፅ ታሰማለች። እምዬ ወፏ ታማ ጥርሷን የምታፋጭ መስሏት ደንግጣ ነበር። ጥርስ እንደሌላት ትዝ ሲላት በራሷ ሳቀች። የበቀቀን ደስታና እንቅልፍ አንድ ላይ ሲመጡ የሚሰማ ድምፅ ነው።

በዚሁ መሀል ግንባሯ ላይ፣ ከምንቃሯ ሥር፣ አንዲት ቀይ ላባ ታየች። ቀጥሎ ሌላ። ደም መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ልጠርግ ሞክሬያለሁ። የዚህ ዝርያ ጫጩቶች ሁሉም እንደ ሴቷ ግንባራቸው አረንጓዴ ሆኖ ያድጉና፣ ከተፈለፈሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ወንዱ ብቻ ቀይ ያወጣል። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ግንባሯ ሙሉ በሙሉ ሲቀላ እምዬ ትኩር ብላ አየችና ፍርዷን ሰጠች፦ «ቃሪያው በስሏል፤ በርበሬ ሆኗል። ወንድ ነው!» ስሙን ልንቀይር ሞከርን፤ በርበሬ ብሎ መጥራት ግን ለማንም አልሆነለትም። ቃሪያ እንደተባለ ቀረ፤ እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሱ» አልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህን ሲያነብ ከዱር ወፍ ማስያዝ የሚያምረው ሰው ካለ፣ ይቅርበት። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት የተቀበለችው በ1981 ዓ.ም. ነው፤ በአገር ውስጥም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ከሕጉም በላይ ግን፣ ቃሪያን ያመጣብን የወደቀ ዛፍ ነው። ሽንቁር ያለው አሮጌ ወይራ በሰፈራችን ቢቆም ኖሮ እሱም ከወንድሞቹ ጋር አቃቂ ወንዝ ዳር ሾላ ላይ በዋለ ነበር። ዛሬ ያ አካባቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጋዘንና ኮንቴይነር ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ያወራል?» አያወራም። ይህ ዝርያ በማውራት አይታወቅም፤ ከጠበቅንበት አልፎ የተማረው የቡና ሙቀጫን ድምፅ ሲሰማ መንጫጨት ብቻ ነው። ቡና ሲፈላ ደግሞ ከክፍሉ መውጣት ነበረበት። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም፤ እምዬ ከሰልና ዕጣን ከመለኮሱ በፊት ቤቱን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ትወስደዋለች። ጓሮ ሆኖ ይጮህባታል። «መጣሁ እኮ አባቴ፣ አንደኛውን ብቻ ልጠጣና» ትለዋለች። ሦስተኛውን ሳትጠጣ ግን አትነሳም።

ፍርሃቱ ሲለቀው ያን ዓይናፋር ወፍ የት እንዳደረሰው አላውቅም። በቦታው የተተካው ቀበጥ ነበር። የሸሚዜን ቁልፍ ይፈታል፣ የአባቴን መነጽር ክንድ ይቀረጥፋል፣ ከሁሉም በላይ ወረቀት ይወድዳል። ከጠርዙ ጀምሮ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ይቦጭቀዋል፤ ሥራው እንደ ልብስ ሰፊ የተስተካከለ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ወላጅ ሊፈርምበት ያመጣሁትን የውጤት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ቃሪያ የሒሳብን መስመር ከነቁጥሩ አንስቶታል። አባቴ ካርዱን ወደ ብርሃን አንስቶ በቀዳዳው አየኝ፣ ፈረመ፣ ከፊርማው ሥርም በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «በወፍ የተበላ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ ጻፈበት። መምህራችን ይህን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ሳቁ ጋብ ሲል የውጤት መዝገቡን አስመጡ። ቃሪያ የበላልኝ 48 መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር።