አክተር አይሞትም

በቪዲዮ ቤት ያደገ የኛ ዘመን ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። ይቆስላል፣ ይደማል፣ ከፎቅ ይወድቃል፤ ግን አይሞትም።

«ተርሚኔተር 2»ን ስናይ ለኛ አክተሩ አርኖልድ ብቻ አልነበረም። ልጁ ጆን ኮነርም ነበር። እኩያችን ነዋ! አስር ዓመቱ ነው፣ ሞተር ይነዳል፣ አድጎ የሰውን ልጅ ከማሽን የሚያድነው እሱ ነው።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በፍላሽ የሰጠኝን «ተርሚኔተር፦ ዳርክ ፌት»ን አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ ከሁለተኛው 28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጄምስ ካሜሮን በፕሮዲዩሰርነት ተመልሷል። ሳራ ኮነርን የምትሠራው ሊንዳ ሃሚልተን ሽበቷን ይዛ መጥታለች። አርኖልድም ፊልሙ ሲወጣ 72 ዓመት ሞልቶት ነበር። (ያላያችሁት ካላችሁ ታሪኩን ልነግርባችሁ ነውና እዚህ ላይ አቁሙ።)

ፊልሙ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ጆን ይገደላል። አለቀ። ብዙ አድናቂ የተናደደው እዚህ ላይ ነው። ገበያውም አልቀናውም፤ ለመሥራት ብቻ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ከመላው ዓለም ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው 260 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲያነሱ ኪሳራ ነው።

እኔንም ከፋኝ፣ አልዋሽም። ግን እስከ መጨረሻው አየሁት።

አዲሱ ማሽን የሚያሳድዳት ዳኒ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት፤ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ። ሳራ ስታያት የራሷን ታሪክ ታያለች። ይቺ ልጅ የምትፈለገው አንድ ቀን ስለምትወልደው ወንድ ልጅ ነው ብላ ታምናለች። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ የፈራው ልጇን አይደለም፣ እሷን ራሷን ነው። ወደፊት ሰዎቹን አሰባስባ የምትመራው ዳኒ ናት። አክተሯ እሷ ናት!

እዚህ ላይ ማሽኑን ረስቼ ጎበሳን አሰብኩ። ያኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሴት ልጅ አልነበረችም። እኛ አግዳሚ ላይ ተጣበን አክተር ስንመርጥ እህቶቻችን ውሃ ይቀዱ ነበር።

ዘንድሮ ከማስተምራቸው አንዷ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ በፊዚክስ የሚደርስባት የለም። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ሲሉኝ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ቡና አፍልተው በክብር ተቀበሉኝ። «መምህር፣ እሷ ብትሄድ ወንድሞቿን ታስተምርልኛለች» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። የኑሮ ነገር ነው፣ ስሌታቸው ይገባኛል። ግን በዚያ ስሌት ውስጥ ልጅቷ ለሌሎች መወጣጫ ናት እንጂ አክተር አይደለችም።

«እናቴ፣ ከወንድሞቿ አንዱ እንደሷ ዓይነት ውጤት ቢያመጣ ከትምህርት ያስወጡት ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሲኒዬን ሞሉልኝ። ነገሩ እስካሁን አልተቆረጠም፤ ልጅቷ ግን ትናንት ክፍል ነበረች፣ የፊት ወንበር ላይ።

ሄዶ መሥራት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። በሰው አገር ለፍታችሁ ቤተሰብ የያዛችሁ ተማሪዎቼ፣ ክብር ይገባችኋል። የኔ ጥያቄ፣ ስንቶቻችሁን «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ? የሚለው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተምራችሁ ነርስ፣ መምህርት፣ ኢንጂነር፣ የባንክ ሠራተኛ የሆናችሁ የድሮ ሴት ተማሪዎቼ፣ ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ ወደ ቤተሰብ ስትመጡ አስር ደቂቃ ክፍሌ ገብታችሁ አውሩልኝ። ንግግር አዘጋጁ አላልኩም። ቁሙና ይዩዋችሁ፣ ይበቃል። የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።